የልጄ ትምህርት ቤት ራሱን ሲገመግም፦ ከቱሉ ዲምቱ አካባቢ የአንዲት ወላጅ አስተያየት

ይህ አስተያየት ስለ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ልጄ ዘንድሮ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ሦስተኛ ክፍልን የጨረሰችው እዚያ ነው። ትምህርት ቤቱ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገድ መግቢያ አለፍ ብሎ፣ ኮንዶሚኒየሙና የገበሬው ማሳ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ይገኛል። ስሙን አልጠቅስም። የምጽፈው ስለ ግቢው ውበት ወይም ስለ መምህራኑ ጸባይ አይደለም። ትምህርት ቤቱ በዓመት መጨረሻ ራሱን እንዴት እንደሚገመግምና ከዚያ ተነስቶ እንዴት እንደሚያቅድ ነው። ልጆቻችን የሚያገኙት አገልግሎት የሚወሰነው እዚያ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ የሌለውን አለ ካለ፣ እኛም ዓመቱን ሙሉ የሌለ ነገር ስንጠብቅ እንከርማለን።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። በ2016 መጨረሻ ያደረጉት ግምገማ በጣም ጥሩ ነበር። ከዚያ በፊት ከነበሩት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከዚያ የወጣው የ2017 ዕቅድ ግን ግማሹ ሠርቷል፣ ግማሹ አልሠራም። ያልሠራው ክፍል ለወረዳ ተብሎ የተጻፈው ነው።

እኔ የምሠራው ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ነው። እኛ ጋ ሰኔ 30 ሲደርስ ቆጠራ አለ። ካርዱ ላይ 40 ካለ መደርደሪያው ላይ 40 መገኘት አለበት። ካልተገኘ ልዩነቱ ይጻፋል፣ ምክንያቱ ይጠየቃል። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት አባል ሆኜ ስመረጥ ይዤ የገባሁት ይህንኑ ልማድ ነው። ልጅ እንደ ዕቃ እንደማይቆጠር አውቃለሁ። ቢሆንም «አለ» የተባለ ነገር ሄደው ሲያዩት መኖር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ለማያውቅ ሰው አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ግለ ግምገማ ያካሂዳሉ። የትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብር የሚባለው ከተጀመረ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። አራት ዓቢይ ርዕሶች አሉት፦ መማር ማስተማር፣ ምቹና ጤናማ የትምህርት አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር፣ የወላጅና የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ኮሚቴ ይቋቋማል። ርዕሰ መምህሩ፣ መምህራን፣ ወላጆችና ተማሪዎች ይገቡበታል። መረጃ ተሰብስቦ ነጥብ ይሰጣል። ደካማው ጎን ተለይቶ የሦስት ዓመት ዕቅድ ይወጣለታል። እሱ ደግሞ በየዓመቱ ይሸነሸናል።

ከዚህ ሌላ ኢንስፔክሽን አለ። እሱ ከውጭ ነው የሚመጣው። በ26 ስታንዳርዶች ይለካል። ግብዓት 25 በመቶ፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ይይዛል። ድምሩ ከ50 በታች ከሆነ ትምህርት ቤቱ ደረጃ 1 ነው። 50 ገብቶ 70 ካልሞላ ደረጃ 2፣ 70 ገብቶ 90 ካልሞላ ደረጃ 3 ይባላል። ከ90 ጀምሮ ያለው ደረጃ 4 ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ከአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከደረጃ በታች መሆናቸውን ደጋግሞ ተናግሯል። ስለዚህ ዝቅተኛ ደረጃ ማግኘት የኛ ትምህርት ቤት ብቻ ችግር አይደለም።

የኛ ችግር ሌላ ነበር። ከ2016ቱ ግምገማ በፊት ትምህርት ቤቱ ለራሱ 88 ሰጠ። ኢንስፔክተሮቹ መጥተው ደረጃ 2 ብለውት ሄዱ። እኔ በምሠራበት ቤት እንዲህ ዓይነት ልዩነት ቢገኝ ስብሰባ ይጠራ ነበር። እዚህ ግን ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ማንም አንስቶ አላስተያያቸውም።

88ቱ ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። ወላጆች ተጠርተን መጠይቅ ተበተነልን። «ትምህርት ቤቱ የተማሪዎችን ፍላጎት ያማከለ አሳታፊ የማስተማር ሥነ ዘዴ ተግባራዊ ያደርጋል» የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይሰጥና «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም አልስማማም» ድረስ አንዱ ላይ ምልክት ይደረጋል። አጠገቤ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ እማማ ተቀምጠው ነበር። ማንበብ አይችሉም።

«ልጄ፣ የቱ ጋ ነው የማደርገው?» አሉኝ።

«መጀመሪያ ምን እንደሚል ላንብብልዎት፣ እማማ።»

አነበብኩላቸው። «እሱንማ መምህራኑ ያውቃሉ እንጂ እኔ በምን አውቄ» አሉና «በጣም እስማማለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው ሰጡ። አብዛኛው ወላጅ እንደዚያው አድርጎ ወጣ። ጠልተን ወይም ወደን አይደለም። የተጠየቅነው እኛ የምናውቀውን ነገር አልነበረም። ያ ሁሉ ምልክት ተደምሮ የወላጅ እርካታ ተብሎ ሪፖርት ውስጥ ገባ።

በ2016 ለውጡን ያመጡት ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ናቸው። አዲስ ነበሩ። መጠይቁን ጠረጴዛ ላይ ትተው ወላጆችን በየልጆቻችን ክፍል መደቡን። አንድ መምህር ይጠይቃል፣ ሌላው ይጽፋል። ጥያቄዎቹ አምስት ብቻ ናቸው። ልጅዎ ቤት ሲመጣ ምን ያነባል? ደብተሩ ይታረማል? ግቢ ውስጥ ውሃ የሚጠጣው ከየት ነው? የሚፈራው ሰው ወይም ቦታ አለ? ትምህርት ቤቱ አንድ ነገር ብቻ ቢያስተካክል ምን ይሁን? እያንዳንዱ መምህር የሚያስተምራቸውን ልጆች ሳይሆን የሌላ ክፍል ልጆችን ወላጆች እንዲጠይቅ ማድረጋቸው ደግሞ ብልህነት ነው። ወላጅ የልጁን መምህር ፊት ለፊት አይወቅስም። ይሉኝታ አለ፣ ልጄን ይይዝብኛል የሚል ስጋትም አለ።

እማማ በዚህኛው ብዙ ተናገሩ። የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ውሃ ሳይጠጣ እንደሚውል የነገሩን እሳቸው ናቸው። ምክንያቱም ሽንት ቤት መግባት ይፈራል። በሩ አይዘጋም፣ ትልልቆቹ ልጆች ይገፉታል። ከእሳቸው በኋላ አንዲት እናት የሷም ልጅ እንደዚያው እንደሆነች ተናገረች። ከዚያ ሌላዋ ቀጠለች። አስቡት፤ ልጆች ቀኑን ሙሉ ሽንታቸውን ይዘው ይማራሉ። ይህ ነገር በየዓመቱ ስንሞላው በነበረው መጠይቅ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። የሽንት ቤት መስፈርቱ የሚጠይቀው «ለወንድና ለሴት የተለየ መጸዳጃ ቤት አለ ወይ» ብሎ ነበር። አለ። ስለዚህ ሙሉ ነጥብ ሲሰጠው ኖሯል።

ወደ ንባቡ ልምጣ፤ ዋናው እሱ ነው።

ሪፖርቱ ላይ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 92 በመቶው አቀላጥፈው ያነባሉ ይል ነበር። ምክትሏ ይህን በዓይናችን እንይ አሉ። ከየሴክሽኑ የስም መጥሪያ ላይ በየአምስተኛው ስም ተጠራ። ጎበዝ ልጅ መርጦ ማቅረብ እንዳይኖር ነው። እኔና አንድ አባት በታዛቢነት ጥግ ላይ ተቀመጥን። ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ መምህርቷ ጠረጴዛ እየመጡ ከመጽሐፋቸው አንድ ገጽ ያነባሉ።

አንድ ልጅ አልረሳውም። ዩኒፎርሙ ጉልበቱ ላይ ተጥፏል። መጽሐፉን ገልጦ ጣቱን ፊደሉ ላይ አድርጎ ጀመረ። ጥርት ባለ ድምፅ፣ አንድም ሳይሳሳት ወረደው። አጠገቤ ያለው አባት ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። እኔ ጣቱን እያየሁ ነበር። አፉ ገጹን ሊጨርስ ሲል ጣቱ ገና ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። ዓይኑ ደግሞ ሰሌዳው ላይ። መምህርቷም አይተውታል። ምንም አላሉም። የዚያኑ ገጽ ቃላት አደባልቀው በእጃቸው የጻፉበትን ወረቀት ሰጡት። ልጁ ወረቀቱን አየ። የመጀመሪያውን ፊደል አለ። ሁለተኛው ላይ ቆመ። ቀና ብሎ «ቲቸር፣ ይሄን እኮ አልተማርነውም» አለ።

«እሺ የኔ ልጅ፣ አብረን እናየዋለን» አሉት።

ገጹን በቃሉ ይዞታል። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲያነብ እየሰማ ነው የያዘው። ከ60 በላይ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ አብሮ የሚጮኸውንና በእውነት የሚያነበውን በጆሮ መለየት አይቻልም። ስታንዳርዱ በአንድ ክፍል 50 ነው፤ የኛ አካባቢ ከዚያ ካለፈ ቆይቷል። ከተጠሩት ልጆች ግማሽ ያህሉ በእጅ የተጻፈውን ወረቀት ማንበብ አልቻሉም። መምህርቷ እንባ ተናነቃቸው። ደህና መምህር ናቸው፤ ልጄንም አስተምረዋታል። ማርክ ሊስታቸውን አሳዩን። እነዚያው ልጆች በአማርኛ ጥሩ ነጥብ አላቸው። ፈተናው ከዚያው ከመጽሐፉ ስለሚወጣ በቃሉ የያዘ ልጅ ያልፈዋል።

ይህ በኛ መንደር የተፈጠረ ጉድ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ጥናት፣ ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ሦስተኛ ገደማ ከቀረበላቸው ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ስለ ፈተና ስርቆት፣ ስለ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን ብዙ ተባለ። እኔ ያንን ልጅ ካየሁ በኋላ የማስበው ሌላ ነው። ይህ ልጅ ሳያነብ ሦስተኛ ክፍል ይገባል፣ አራተኛ ይገባል። ስድስተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ይጠብቀዋል፣ ስምንተኛ ላይ ሚኒስትሪ አለ። ያኔ ሁሉም «የድሮ ተማሪ ነበር ተማሪ» ይላል።

ሌሎቹን ፍተሻዎች ቶሎ ላልፋቸው። ሪፖርቱ ላይ 8 የውሃ ቧንቧ ነበር። ዞሬ ቆጠርኩ። ስምንቱም አሉ፤ ውሃ የሚወርድባቸው ሦስቱ ናቸው። ሮቶው ተሰንጥቋል፣ ሰፈሩ ደግሞ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ከሮቶው ሥር የሚፈሰው ውሃ ጥቁሩን አፈር አጭቅይቶታል። የአቃቂን መረሬ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክረምት ላይ የልጅ ጫማ ነቅሎ ያስቀራል። ልጆቹ ወደ ደረቁ ቧንቧ ሳይሆን ወደ ጭቃው ነው የሚሄዱት።

ምገባው ላይ ያገኙት ነገር ግን አስገረመኝ። የከተማ አስተዳደሩ የምገባ መርሐ ግብር ለኛ ሰፈር ትልቅ ነገር ነው። ቁርስና ምሳ አለ። መጋቢ እናቶቹ ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚመጡት። ልጆች ከትምህርት ቤት አይቀሩም፣ ክፍል ውስጥ ፍዝዝ የሚል ልጅ ቀንሷል። ይህን ማንም አይክድም። ግን አንድ የሒሳብ መምህር ሰዓታቸውን ይዘው መዝግበው ነበር። የምሳው ሰልፍ ረጅም ስለሆነ ከምሳ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ በየቀኑ 20 ደቂቃ ያህል ይበላል። በሳምንት ሲደመር ሁለት ክፍለ ጊዜ ተኩል ገደማ ማለት ነው። የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያ ሰዓት ነው የሚውለው። ሪፖርቱ ግን የክፍለ ጊዜ አጠቃቀም 100 በመቶ ይል ነበር፤ ምክንያቱም የተቆጠረው መምህሩ መግባቱ እንጂ ልጆቹ መግባታቸው አልነበረም።

በዓመት መሀል የመጡ ልጆችም አሉ። ከኮሪደር ልማቱ ጋር ተያይዞ ከመሀል ከተማ ተነስተው ወደዚህ ዳርቻ የመጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ልጆቻቸው መጽሐፋቸውን ሳይዙ፣ ጓደኛ ሳይኖራቸው የሞላ ክፍል ውስጥ ገቡ። ግምገማው እነዚህን ልጆች ለብቻ ቆጥሮ ማየት ነበረበት። አላየም። ይህን በስብሰባው ላይ ተናግሬ በቃለ ጉባኤ ተይዟል፤ ዕቅዱ ላይ ግን አልታየም። ከትምህርት ቤቱ ያልጠበቅኩት ጉድለት ይህ ነው።

ነጥብ የተሰጠበት ቀን ክርክር ነበር። አንድ መምህር ተነስተው በቀጥታ ተናገሩ። «እኛ እውነቱን ጽፈን ዝቅ ብንል፣ ሌሎቹ እንደ ወትሮው 90 ጽፈው ይሸለማሉ። ከክላስተሩ፣ ከአጎራባች ትምህርት ቤቶቹ ቡድን፣ መጨረሻ እንሆናለን። የኛም የሥራ አፈጻጸም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።» ያሉት ልክ ነው። ፍርሃታቸው ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። ትምህርት ቤት ራሱን የሚገመግመው ለመሻሻል ነው ይባላል፤ ነጥቡ ግን ወደ ላይ ሄዶ ለማወዳደሪያ ይውላል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ይህን ማስተካከል ያለበት ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው አካል ነው።

ርዕሰ መምህሩ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሁሉንም ከሰሙ በኋላ «ለወረዳው የምጠየቀው እኔ ነኝ። እናንተ ያያችሁትን ጻፉ» አሉ። ለመማር ማስተማር 54 ተጻፈ። ለዚህች ዓረፍተ ነገራቸው ከልብ አመሰግናቸዋለሁ።

ከዚያ ዕቅዱ መጣ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ዕቅድ ነው ያለው። አንዱ ወደ ወረዳ የሄደው ነው። በጥራዝ የተዘጋጀ፣ ወፍራም፣ ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ ነው። «ለወላጆች ግንዛቤ መፍጠር»፣ «የመምህራንን አቅም ማጎልበት» የሚሉ ተግባራት ሞልተውታል። ማን እንደሚሠራው ዓምድ ውስጥ «ሁሉም ባለድርሻ አካላት» ይላል። መቼ የሚለው ጋ «ዓመቱን ሙሉ»። ይህን መምህራኑ ማስተማሪያ ሰዓታቸውን ትተው ነው የጻፉት። ያሳዝናል።

ሁለተኛው አንድ ገጽ ነው። በሩ ላይ፣ ጥበቃው ቤት ጎን ተለጥፏል። የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይም ተለቋል። ሦስት ነገር ብቻ አለው፦ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ንባብ፣ የሽንት ቤት በርና ውሃ፣ የምሳ ሰዓት ሰልፍ። በየአንዳንዱ አጠገብ ኃላፊው ሰው፣ የሚያልቅበት ወርና የሚያስፈልገው ብር ተጽፏል። በኔ ግምት ይህች አንድ ገጽ ከጥራዙ ትበልጣለች።

የምሳው ሰልፍ በሁለት ሳምንት ተስተካከለ። ትንንሾቹ ቀድመው እንዲበሉ ተደረገ፣ የመግቢያው ደወል በዚያው ልክ ተለያየ። ብር አልጠየቀም። ለዓመታት ማንም ስላልቆጠረው ብቻ የቆየ ችግር ነበር።

በሮቹ ደግሞ በመስከረም ተገጠሙ። ትምህርት ቤት በተማሪ ቁጥር ልክ የሚሰላ የድጎማ በጀት አለው፤ የሚመጣው እየዘገየ ነው፣ የሚደርሰውም ለሁሉ አይበቃም። ከልጆቹ አባቶች አንዱ ብየዳ ቤት አለው። ላሜራውን፣ ማጠፊያውንና መቀርቀሪያውን ትምህርት ቤቱ ገዛ፣ የእጁን ዋጋ እሱ ቻለው። መቀርቀሪያው ከውስጥ በኩል ዝቅ ብሎ እንዲገጠም ያደረገው እሱ ነው፤ የአንደኛ ክፍል ልጅ እንዲደርስበት። ሮቶው ግን እስካሁን አልተቀየረም። ገጹ ላይ ኅዳር ይላል። ሐምሌ ገብቷል። ግዢው ወረዳ ጋ ነው የሚል መልስ ነው የምንሰማው። ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ሴቶች ልጆች የንጽሕና መጠበቂያ ክፍል የተባለውም በጥራዙ ውስጥ ቀርቷል። ይህ መቅረት አልነበረበትም። ወር በመጣ ቁጥር የምትቀር ልጅ ከትምህርት ወደኋላ እየቀረች ነው።

የንባቡን ሥራ በዝርዝር ልናገር፤ ሌላ ትምህርት ቤት ያለ ወላጅም ሊጠይቀው ይችላልና። በየቀኑ የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ለንባብ ተለዩ። ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ተደባልቀው በሦስት ተመደቡ፦ ፊደል ገና የሚለዩ፣ ቃል የሚያነቡ፣ አጭር ታሪክ የሚያነቡ። ሕንድ አገር ፕራታም የሚባል ድርጅት ለብዙ ዓመታት የሠራበት ዘዴ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ልጁን በዕድሜው ወይም በክፍሉ ሳይሆን በሚችለው ልክ መድቦ ማስተማር። እኛ ጋ የመጣው በምክትሏ በኩል ነው። መጽሐፍ አልተገዛም። መምህራኑ በካርቶን ላይ ፊደልና ቃል ጻፉ፤ ካርቶኑን ከሰፈር ሱቆች ልጆቹ ራሳቸው ለምነው አመጡ። አንዳንድ ወላጅ ልጄ ከታናናሾቿ ጋር ተቀመጠች ብሎ አኮረፈ። ስብሰባ ተጠርቶ ተነገረን። ልጄ መሀለኛው ምድብ ውስጥ ነበረች። ደብተሯን አይቼ ታነባለች ብዬ ነበር የማስበው፤ የማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ የጀመረችው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

የካቲት ላይ እንደገና ፈተሹ። በዚያው መንገድ፣ በየአምስተኛው ስም፣ በእጅ በተጻፈ ወረቀት። ቃል የሚያነቡት አብዛኞቹ ወደ ታሪክ አልፈዋል። ፊደል የሚለዩት ምድብ ውስጥ ግን እንቅስቃሴው ትንሽ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ያንን ምድብ የያዙት መምህር ጥር ላይ ተዛወሩ፤ ምድቡ ለአንድ ወር ያህል ያለ መምህር ከሌላው ጋር ተዳብሎ ቆየ። ከሁሉም በላይ ድጋፍ የሚፈልጉት ልጆች ናቸው እንደዚያ የተንገላቱት። እኔ ብሆን ለዚያ ምድብ የትምህርት ቤቱን ጠንካራ መምህር እመድብ ነበር። ልምድ ያላቸው መምህራን ግን ሁልጊዜ ለስድስተኛ ክፍል ነው የሚሰጡት፣ ፈተና ስላለ።

የተማሪዎች ድምፅ ጉዳይም አለ። ኮሚቴው ውስጥ የገቡት ተማሪዎች ሁለቱም ደረጃ የሚያወጡ፣ በሚኒ ሚዲያ የሚናገሩ ልጆች ናቸው። ጎበዞች ናቸው፣ ያሳደጋቸው ይባረክ። ሽንት ቤቱን የሚፈራው ልጅ ግን እዚያ የለም። መጽሐፍ ያልደረሳት፣ ከፒያሳ የመጣችው ልጅም የለችም። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ቢገባ ብዙ የምንሰማው ነገር ነበረ።

ወላጅ ተሳትፎ የሚለው አራተኛው ርዕስ ደግሞ አሁንም የሚለካው በመዋጮ ነው። ስንት ብር ተሰበሰበ፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ገባ። ስብሰባው በሥራ ቀን ጠዋት ይጠራል። ፋብሪካ የሚሠራ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ግንባታ ላይ የሚውል ወላጅ አይመጣም። ከዚያ «አባቶች ፍላጎት የላቸውም» ተብሎ ይጻፋል። ፍላጎት እንዳላቸው በሮቹን የሠራው ሰው ያሳያል። የተጠራው እሁድ ከሰዓት ነበር።

ነጥብ ስጪ ብባል ለግምገማው ከ5 አራት እሰጣለሁ። አንዱን የቀነስኩት በመሀል ለመጡት ልጆችና ለኮሚቴው የተማሪ አባላት አመራረጥ ነው። ለአንዷ ገጽ ዕቅድ ሦስት ተኩል። ለጥራዙ አንድ። ትምህርት ቤቱን ግን ለሰፈራችን ሰው እመክራለሁ። በየወሩ ብዙ ሺህ ብር የሚያስከፍል የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉ ዘመዶቼን ጠይቄአቸው ነበር። ልጆቻቸው ማንበብ ይችሉ እንደሆነ ወላጅ ፊት የፈተሸላቸው የለም።

ልጅ ልታስመዘግቡ የምትሄዱ፣ ግቢውን ከማየት አስቀድማችሁ ያለፈውን ዓመት ግለ ግምገማ ጠይቁ። ሁሉም ርዕስ ላይ 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቁጥሩ ከምን እንደመጣ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ከዚያ የሁለተኛ ክፍል ልጅ መጽሐፉ ላይ የሌለ ነገር ሲያነብ ስሙ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የ2017 ግምገማ ነሐሴ ውስጥ ይቀርባል። የንባብ ፍተሻው አራተኛ ክፍልንም እንዲጨምር ጠይቄአለሁ፤ ምክትሏ ተስማምተዋል። በዓመት መሀል የመጡት ልጆች ውጤት ለብቻው ተሠርቶ እንዲቀርብ፣ ስብሰባውም እሁድ ከሰዓት እንዲሆን ጽፌ አስገብቻለሁ። የእሁዱን እሺ ብለዋል። ስለ ልጆቹ ያስገባሁት ደብዳቤ ርዕሰ መምህሩ ጋ ነው፤ መልሱን እየጠበቅኩ ነው።